ቋጠሮ ለመልመድ ከየትኛው ልጀምር? የማስረው ሁሉ ወይ ይላላል ወይ አልፈታም ይላል

ጀማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ገመድ ማሰር በደንብ መልመድ እፈልጋለሁ። የምፈልገው ለተራ ሥራ ነው፤ መኪና ጣሪያ ላይ ፍራሽ መጫን፣ ሸራ መወጠር፣ ሁለት አጭር ገመድ መቀጠል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። እስካሁን የማውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ ደጋግሞ መቋጠር። በቋጠሮው ላይ ቋጠሮ፣ በዚያ ላይ ሌላ ቋጠሮ። መጨረሻው ወይ መንገድ ላይ መላላት ነው፣ ወይ ደግሞ ውሉ ጠፍቶ በቢላ መቁረጥ። ቪዲዮ ልይ ብል የቋጠሮው ዓይነት ማለቂያ የለውም። ከየት ልጀምር? ስንት ዓይነት ይበቃኛል? አደጋውስ የቱ ጋ ነው?

ሸራ ዘርጊ
እንኳን ደህና መጣሽ። ቋጠሮ የሚይዘው በብዛቱ አይደለም። ገመዱ ራሱን በራሱ ሲጫን በሚፈጠረው ፍትጊያ ነው የሚይዘው። የመጀመሪያው በትክክል ካልተቀመጠ በላዩ የምትደርቢው ሁሉ ጌጥ ነው።

ላልሽው ሥራ አምስት ይበቃሻል። ጫፉ እንዳያመልጥ ወይም ጠንካራ ቀለበት ለመሥራት ስምንት ቁጥር ቋጠሮ። የማይጠብቅ፣ ከሥራ በኋላ በቀላሉ የሚፈታ ቀለበት ሲያስፈልግ ቦውላይን። ምሰሶ ወይም ብረት ላይ ለማሰር ሙሉ ዙር ከሁለት ግማሽ ቋጠሮ ጋር (ግማሽ ቋጠሮ ማለት ጫፉን በገመዱ ላይ አንዴ አዙሮ ከራሱ ሥር ማሳለፍ ነው)። ሁለት ገመድ ለመቀጠል ሺት ቤንድ። ጭነት ለመወጠር ደግሞ የሹፌሮቹ ትራከርስ ሂች። በቃ። ሠላሳ ዓይነት በግማሹ ከምታውቂ እነዚህን አምስት ጨለማ ውስጥ ማሰር ብትችዪ ይሻላል።

ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ሦስት ነገር እወቂ፤ ለምን ሥራ እንደሚሆን፣ በምን እንደሚከዳ፣ እንዴት እንደሚፈታ። ቪዲዮዎቹ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚነግሩሽ።

ሁሉን ጠርጣሪ
ሪፍ ኖትን የት ጣልከው? ቀኙን በግራ ላይ፣ ግራውን በቀኝ ላይ። ሕፃን ሆነን የተማርነው እሱን አይደል? ሁለት ገመድ ለመቀጠል ከሱ የሚቀል የለም።

የድሮ መርከበኛ
ልጄ፣ የሚቀል መሆኑ እኮ ነው ችግሩ።

ሪፍ ኖት የተፈጠረው ሁለት ገመድ ለመቀጠል አይደለም። ነፋስ ሲበረታ የመርከቡ ሸራ ይታጠፍና የታጠፈው ክፍል በአጫጭር ገመድ ይጠቀለላል። ሪፍ ኖቱ የዚያ ማሰሪያ ነው። ከሥሩ የሚደገፍበት ነገር አለ፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ሲፈለግ ደግሞ ቶሎ ይፈታል። ቶሎ እንዲፈታ ተብሎ የተመረጠን ቋጠሮ ሕይወት ወይም ከባድ ጭነት የሚሸከም ገመድ መቀጠያ ማድረግ ራስን ማታለል ነው።

ካላመንክ አሁኑኑ ሞክረው። ሁለት የተለያየ ቀለም ያለው ገመድ ውሰድ፣ አንዱ ቀይ አንዱ ነጭ ይሁን። በሪፍ ኖት እሰራቸውና አጥብቃቸው። ከዚያ የቀዩን አጭር ጫፍ በአንድ እጅህ፣ የዚያኑ የቀዩን ረጅም ክፍል በሌላው እጅህ ያዝና በተቃራኒ አቅጣጫ ሳብ አድርገው። ቀዩ ገመድ ቀጥ ይላል፣ ነጩ ይገለበጥና በላዩ የተጠመጠመ ተራ ቀለበት ይሆናል። ነጩን ይዘህ ጎተት ብታደርገው ሹልክ ብሎ ይወጣል። እንግዲህ ጫፉ ቅርንጫፍ ወይም የድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲያዝ ይኸው ነገር ማንም ሳያየው ይደርሳል።

ነርሷ
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለፋሻና ለእጅ ማንጠልጠያ ጨርቅ ሪፍ ኖት እስካሁን ምርጥ ነው። ጠፍጣፋ ስለሆነ አይቆረቁርም፣ በሽተኛውን ሳያንገላቱ ይፈታል። ብቻ ቋጠሮውን አንገት ጀርባ አጥንቱ ላይ አታሳርፉት፤ ከትከሻ አጥንቱ በላይ ባለው ጎድጓዳ ላይ ይሁን። ጋሼ መርከበኛ ያሉት ልክ ነው፤ ቋጠሮው መጥፎ አይደለም፣ ያለ ቦታው ነው የምናስገባው።

ፊዚክስ ወዳድ
ሪፍ ኖትና ያ ሁላችንም ሳናውቅ የምናስረው ጠማማ ወንድሙ (ቀኝ በግራ፣ እንደገና ቀኝ በግራ) ሁለተኛው በሚቋጠርበት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚለያዩት። እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ሲወጠር ቀለሙ የሚቀየር ክር ተጠቅመው ይህን አጥንተውታል። የአንዱ ቋጠሮ ጥንካሬ ከሌላው የሚለየው በመሻገሪያዎቹ (ገመድ በገመድ ላይ በሚያልፍባቸው ቦታዎች) ብዛት፣ ገመዱ በየመሻገሪያው በሚጠማዘዝበት አቅጣጫና አጠገብ ለአጠገብ ያሉት ክፍሎች በተቃራኒ አቅጣጫ በመሳባቸው ነው አሉ። በትክክለኛው ሪፍ ኖት ጥምዝዞቹ ይቃረናሉ፣ ስለዚህ ይቆላለፋሉ። በጠማማው ግን ተያይዘው ይንከባለላሉ፣ ስለዚህ ያንሸራትታል።

የጫማ ክርም ያው ነው። ጫማችሁን እዩ። የክሩ ጆሮዎች ወደ ግራና ቀኝ ከተኙ ሪፍ ነው ያሰራችሁት። ከተረከዝ ወደ ጣት አቅጣጫ ዞረው ከተኙ ጠማማው ነው። መጀመሪያ የምትቋጥሩትን አቅጣጫ ብቻ ገልብጡት። ሌላው ሳይነካ ይስተካከላል።

የበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የጫማ ክር ለምን እንደሚፈታ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው አሳይተዋል። እግር መሬት ሲመታ ቋጠሮው ይነቃነቅና ይላላል፣ እግር ሲወዛወዝ ደግሞ ነጻዎቹ ጫፎች እየተወረወሩ ክሩን ይስባሉ። ሁለቱ ሲደመሩ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይታይ ይቆይና በድንገት ይፈታል። ይህን ያነሳሁት ለጫማ ብዬ አይደለም። መኪና ጣሪያ ላይ ያለ ገመድም እየተነቃነቀ ነው የሚሄደው። ስታስሩት መያዙ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላም መያዙን አያሳይም።

ጀማሪዋ
ጫማዬን አየሁት። ከተረከዝ ወደ ጣት 😅 ዕድሜ ልክ ማለት ነው።

እሺ ሪፍ ገባኝ። ቦውላይኑ ግን እጄ ላይ አንዴ ይሆናል አንዴ ይበተናል። በጽሑፍ የሚያስረዳኝ አለ? ቪዲዮው ላይ ሰውየው ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ ግራና ቀኙ ይምታታብኛል።

ሸራ ዘርጊ
በጽሑፍ እንሞክረው። ጭነት የሚሸከመውን ረጅሙን ክፍል «ግንድ» እንበለው፣ የምትሠሪበትን አጭሩን «ጫፍ»።

ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል ትተሽ ግንዱ ላይ ትንሽ ቀለበት ሥሪ። ወደ ጫፉ የሚሄደው ክፍል በግንዱ ላይ ይረፍ እንጂ ከሥር አይሁን። የሚበተንብሽ እዚህ ጋ ስትገለብጪው ነው። ቀጥለሽ ጫፉን ከቀለበቱ ሥር ወደ ላይ አውጪው። በግንዱ ጀርባ አዙሪው። መልሰሽ በዚያው ቀለበት ወደ ታች አስገቢው። አሁን ጫፉንና ከጎኑ ያለውን የትልቁን ቀለበት ክፍል አንድ ላይ ያዢና ግንዱን ሳቢ።

ቁጥጥሩ እንዲህ ነው። ግንዱን ያቀፈ አንድ ዕቅፍ ይታያል፣ ያንን ዕቅፍ ከነጫፉ ያነቀ ትንሽ ቀለበት ይታያል። ሁለቱ ከሌሉ ፈትተሽ እንደገና። የሚተርፈው ጫፍ ቢያንስ የገመዱን ውፍረት አሥራ ሁለት ጊዜ ይሁን፤ ለ10 ሚሊ ሜትር ገመድ 12 ሳንቲም ማለት ነው። ከዚያ ቢበልጥ ማንም አይከስሽም።

የሚከዳውም ጭነት በሌለበት ጊዜ ነው። እየጠበቀ እየላላ ሲነቃነቅ፣ በተለይ ደረቅና ድርቅ ያለ ገመድ ላይ፣ ቀስ እያለ ይበተናል። ስለዚህ ለሚነቃነቅ ነገር ትንሹን ቀለበት ሁለት ዙር አድርጊው፤ ድርብ ቦውላይን የሚባለው ነው። የተረፈውን ጫፍም አጠገቡ ባለው ክፍል ላይ ቋጥሪው።

አለት ላይ
እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባ። ቦውላይን ለጀልባ፣ ለሸራ፣ ለጭነት ይሁን፤ አልቃወምም። ለሰው ግን ጀማሪ በቦውላይን አይሰር። አለት ወጪዎች መታጠቂያቸው ላይ በብዛት የሚያስሩት ተከታትሎ የሚሠራውን ስምንት ቁጥር ነው፤ መጀመሪያ ነጠላ ስምንት ይሠሩና ጫፉን በመታጠቂያው አሳልፈው በዚያው መንገድ ይመልሱታል። ምክንያቱም ስህተቱ በዓይን ይታያል። ትክክለኛው ስምንት ሁለት ሁለት ገመድ ጎን ለጎን ይዞ ይሄዳል። ጓደኛህ ከሁለት እርምጃ ርቆ «አንዷ ጎድላለች» ሊልህ ይችላል። ቦውላይን ግን ትክክለኛውና የተበላሸው ከሩቅ ይመሳሰላሉ።

ሌላው የሚረሳ ነገር አስሮ ማስተካከል ነው። ቋጠሮውን ሠርቶ ዝም ማለት አይበቃም። ገመዶቹ ሳይቆላለፉ ጎን ለጎን እንዲተኙ አድርግ፣ ከዚያ የሚወጡትን አራት ክፍሎች አንድ በአንድ ሳብ። ለብቻ ለብቻ። ላላ ብሎ የተተወ ቋጠሮ ጭነት ሲመጣበት ራሱን ያስተካክላል፤ ሲያስተካክል ደግሞ ከጫፉ ይበላል።

የድሮ መርከበኛ
@አለት ላይ፣ የምትለው ለአለት ልክ ነው። ባሕር ላይ ግን ስምንት ቁጥር ቀለበት በርጥብ ገመድ ሥራና ሌሊቱን ሙሉ ይወጠር፤ ጠዋት ለመፍታት ብረት ትፈልጋለህ። ጀልባ ማስሪያ ደግሞ በአስቸኳይ መፈታት የሚኖርበት ቀን አለ። ቦውላይን የቱንም ያህል ቢወጠር ጭነቱ ሲነሳለት ጀርባውን ሰበር ታደርገውና ይለቃል። ጭነት ላይ እያለ ግን ቦውላይንም አይፈታም፤ ይህን እወቁ። ለዚያ ነው ምሰሶ ላይ ሙሉ ዙርና ሁለት ግማሽ ቋጠሮ የሚመረጠው። ዙሩ ጭነቱን ይይዝልሃል፣ አንተ ግማሽ ቋጠሮዎቹን በሰላም ትፈታለህ።

አለት ላይ
ተስማምተናል ጋሼ። ሰው ከሆነ ስምንት፣ ጀልባ ከሆነ ቦውላይን።

ዝም ብዬ አንባቢ
ጥሩ ውይይት ነው። እኔም ልጠይቅ። የቤቱ ጣሪያ ያፈስብኛል። ቆርቆሮው ላይ ስወጣ እንዳልንሸራተት ወገቤን በቦውላይን ወይም በስምንቱ አስሬ ሌላውን ጫፍ በወዲያኛው በኩል ካለ ዛፍ ጋር ባደርገውስ? ገመዱ ወፍራም ነው፣ አዲስ ነው።

አለት ላይ
አይሆንም። ቋጠሮው ትክክል ቢሆንም አይሆንም።

ወገብ ላይ በቀጥታ የታሰረ ገመድ ሲወድቁ የጎድን አጥንትና ሆድን ነው የሚቀጣው። ተንጠልጥለህ ከቀረህ ደግሞ መተንፈስ ያቅትሃል። የቆርቆሮ ጠርዝ የተወጠረ ገመድ ይቆርጣል። ተራ የሱቅ ገመድ የሚወድቅን ሰው ድንጋጤ ቀስ አድርጎ ለማስቆም አልተሠራም፤ የመውጫ ገመድ የሚለጠጠው ለዚያ ነው። ደግሞ ገመዱ ዛፉ ድረስ ላላ ካለ መሬት ከደረስክ በኋላ ነው የሚይዝህ። ለከፍታ ሥራ ሙሉ መታጠቂያ፣ ደረጃው የታወቀ ገመድ፣ የሚያውቅ አስተማሪ በአካል፣ ቋጠሮህን የሚያይ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ ለሚያውቀው ሰው ከፍለህ አሠራው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ዕቃ ለሚሸከም ገመድ እንጂ ሰው ለሚሸከም ገመድ አይደለም ብላችሁ አንብቡ።

ዝም ብዬ አንባቢ
እሺ፣ ተቀብያለሁ። ሠራተኛ እጠራለሁ።

ሸራ ዘርጊ
ወደ ፍራሹ እንመለስ፣ እሱ ቀላል ስለሚመስል።

ፍራሽ ክብደቱ ሳይሆን ስፋቱ ነው ጉዱ። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ከፊት በሥሩ ይገባና ወደ ላይ ያነሳዋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ንቅንቅ ያላለው ፍራሽ አውራ ጎዳና ላይ ይበራል። ከላይ አግድም ሁለት ማሰሪያ አይበቃውም። ከፊትና ከኋላም ወደ መኪናው አካል ወደ ታች ይታሰር። በእጅህ በመስኮት አውጥተህ መያዝ የሚባለውን ነገር እርሱት፤ የተነሳ ፍራሽን ማንም በእጁ አይመልስም።

አሁን ትራከርስ ሂች። አንዱን ጫፍ በዚህኛው ጎን ባለው የጣሪያ ብረት ላይ በሙሉ ዙርና ሁለት ግማሽ ቋጠሮ እሰሪ። ገመዱን በጭነቱ ላይ አሻግሪ። በወዲያኛው ጎን ከብረቱ ከፍ ብሎ ገመዱ መሐል ላይ ገመዱን አጥፈሽ የስምንት ቁጥር ቀለበት ሥሪ። ጫፉን በብረቱ ሥር አሳልፈሽ በዚያ ቀለበት አስገቢና ወደ ታች ሳቢ። ይጠብቃል፣ በጣም ይጠብቃል። ገመዱ ቀለበቱ ጋ የሚታጠፍበትን ቦታ በሁለት ጣትሽ ቆንጥጠሽ ይዘሽ በሌላው እጅ ከሥሩ ሁለት ግማሽ ቋጠሮ አድርጊ። በወረቀት ላይ ጉልበትሽን በሦስት ያባዛል ይባላል። ገመድ በገመድ ላይ ስለሚፋተግ በተግባር ከዚያ ብዙ ያንሳል፣ ግን ይበቃል። እንዲያውም ፍራሹን ለሁለት እንዳታጥፊው።

የሚከዳበት ቦታ ያው ቀለበቱ ነው። አንዳንዱ ሰው ስምንት ቁጥሩን ትቶ ሸምቀቆ ቀለበት ይሠራል። አቅጣጫው ከተሳሳተ ሲሳብ ይዋጣል። ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ሁልጊዜ ከታሰረ ገመዱ ያልቃል፣ ስለዚህ ቦታ እየቀያየርሽ እሰሪ።

ትንሽ ሄደሽ ቁሚና በእጅሽ ነካክተሽ እዪው። ጭነት ይረጋል፣ ገመድ ይለጠጣል። ከባድ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ገመዱን ተዪው፤ ማጥበቂያ ያለው የጭነት ቀበቶ ተጠቀሚ።

ፊዚክስ ወዳድ
ሁለት ስሌት ልወርውር፣ ሰው አያምንም ግን እውነት ናቸው።

አንደኛ፣ ዙር። ገመድ ምሰሶ ላይ ሲጠመጠም ፍትጊያው በየዙሩ የሚደመር ሳይሆን የሚባዛ ነው። የፍትጊያ መጠኑ 0.3 ነው እንበል። አንድ ሙሉ ዙር የእጅህን ጉልበት ወደ 6.6 እጥፍ ያሳድገዋል። ሁለት ዙር ወደ 43 እጥፍ። 60 ኪሎ ቀስ አድርጎ ለማውረድ በአንድ ዙር 9 ኪሎ ያህል መያዝ አለብህ፣ በሁለት ዙር ግን ከአንድ ኪሎ ተኩል ያነሰ። ጋሼ መርከበኛ «ዙሩ ጭነቱን ይይዝልሃል» ያሉት ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ የተወጠረ አግድም ገመድ። ሁለት ምሰሶ መሐል ገመድ ዘርግተህ መሐሉ ላይ 20 ኪሎ ሰቀልክ። ሁለቱ ወገን ከአግድሙ በ30 ዲግሪ ከወረዱ እያንዳንዱ ወገን በትክክል 20 ኪሎ ይሸከማል። 10 ዲግሪ ብቻ ከወረዱ 58 ኪሎ ገደማ። 5 ዲግሪ ከሆነ 115 ኪሎ። «አማረበት፣ ቀጥ አለ» ብለህ ባጠበቅከው ቁጥር ገመዱንም ቋጠሮውንም ምሰሶውንም እየገደልክ ነው። 80 ኪሎ ሰው የሚተኛበት ሀሞክ (በሁለት ጫፉ ታስሮ የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ) በ10 ዲግሪ ከተሰቀለ በእያንዳንዱ ጎን 230 ኪሎ ይስባል። ላላ አድርጉት።

ሁሉን ጠርጣሪ
እሺ ስሌቱን ተቀበልኩ። ግን ገመዴ ላይ የተጻፈው የመበጠሻ ልክ ከዚያ ሁሉ ይበልጣል። ታዲያ ምን ያስፈራኛል?

የድሮ መርከበኛ
የተጻፈው አዲስ፣ ቀጥ ያለ፣ ያልተቋጠረ ገመድ ቀስ ተብሎ ሲጎተት ነው። ቋጠሮ ስታስርበት ገመዱ ይታጠፋል፣ መታጠፊያው ላይ ይዳከማል። ስምንት ቁጥርም ቦውላይንም ቢሆን ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ጥንካሬ ሊወስዱ ይችላሉ። ተራው አንድ ቋጠሮ ከዚያም ይብሳል። ናይለን ሲረጥብ ከአሥር በመቶ በላይ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ፀሐይ፣ አሸዋ፣ ንዝረት፣ ድንገተኛ ጉተታ። ስለዚህ ለተራ ሥራ ከመበጠሻው አንድ አምስተኛ በላይ አትጫነው። እኔ አንድ አሥረኛውን ነው የምመርጠው፣ እንቅልፍ ስለምወድ።

የገመዱ ዓይነትም ይለያያል። ፖሊፕሮፒሊን፣ ያ ርካሹ የሚያንሸራትተው፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ግን ፀሐይ ያደቀዋል፤ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፣ ፍጥነት ያለው ፍትጊያ ብቻውን ያበላሸዋል። ቋጠሮም አይወድም። ናይለን ይለጠጣል፣ ድንገተኛ ጉተታ ይችላል። ፖሊስተር ብዙ አይለጠጥም፣ ለሸራ መወጠሪያ እሱ ይሻላል። የቃጫ ገመድ ቋጠሮን ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ ሲረጥብ ግን ያብጥና ቋጠሮው ድንጋይ ይሆናል፣ ሳይደርቅ ከተቀመጠ ከውስጥ ይበሰብሳል።

ሌላው ስለ እጅ ነው። ገመድ መዳፍህ ላይ ጠምጥመህ አትጎትት። ጭነቱ ቢያመልጥ እጅህን ይዞ ነው የሚሄደው። ገመድ ሲያመልጥህ ልቀቀው፤ ጓንት ከሌለህ መዳፍህን ይልጠዋል። መሬት ላይ በተጠቀለለ ገመድ መሐል አትቁም። የተወጠረ ናይለን ሲበጠስ ተመልሶ ይገርፋልና በገመዱ መስመር ላይ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ሰው አይቁም። መኪና ጉተታ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ጀማሪዋ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሺት ቤንዱን ሞከርኩት። ወፍራሙን በቀጭኑ ቀጠልኩ፣ ያዘ። ሁለቱም ያ ርካሽ ፕላስቲክ ሲሆን ግን ይንሸራተታል። እኔ ነኝ ወይስ ገመዱ?

ሸራ ዘርጊ
ሁለቱንም እንይ። ወፍራሙን አጥፈሽ ትይዢዋለሽ፣ ቀጭኑን በእጥፋቱ ውስጥ ከሥር አውጥተሽ፣ በሁለቱ ክንፎች ጀርባ አዙረሽ፣ ከራሱ ሥር ታስገቢዋለሽ። ወደ እጥፋቱ መልሰሽ አይደለም፣ ከራሱ ሥር። ሲያልቅ ሁለቱ አጭር ጫፎች በአንድ ወገን መሆን አለባቸው። በተቃራኒ ወገን ከወጡ ደካማው ዓይነት ነው የወጣልሽ።

እሱ ትክክል ከሆነ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ቀጭኑን አንድ ዙር ጨምረሽ አዙሪውና ድርብ አድርጊው፣ ጫፉንም ረዘም አድርገሽ ተዪው። እንዲያም ሆኖ ከተንሸራተተ ዘፔሊን ቤንድ የሚባለውን ሌላ የገመድ መቀጠያ ቋጠሮ ልመጂ። ትንሽ ያደክማል፣ ግን አይንሸራተትም፣ ከከባድ ጭነት በኋላም ይፈታል።

ነርሷ
አንድ ማሳሰቢያ፣ ልጆች ላላችሁ። ሸምቀቆ ማለትም እየተሳበ የሚጠብቅ ቀለበት፣ ልጅ በሚደርስበት ቦታ ተንጠልጥሎ አይቀመጥ። መለማመጃ ገመዳችሁንም ሰብስቡ። ልጆች ቋጠሮ ሲያዩ አንገት ላይ መሞከር ይቀናቸዋል፤ አንገት ላይ ለቀልድም ቢሆን አይደረግም ብላችሁ ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሯቸው።

እንስሳም ያው ነው። አንገት ላይ የማይጠብቅ ቀለበት ይሁን፣ ቦውላይን ለዚህ ጥሩ ነው።

ሁሉን ጠርጣሪ
የጠበቀ ቋጠሮ ለመፍታትስ? እኔ ጥርሴን ነው የምጠቀመው።

የድሮ መርከበኛ
ጥርስህን ተው፣ ምትክ የለውም 😄

ስትጎትተው ይብስበታል። ግፋው። መጀመሪያ ጭነቱን ሙሉ በሙሉ አንሳለት። ቋጠሮውን በሁለት እጅህ ይዘህ ወዲያና ወዲህ እጠፈው፣ በመዳፍህ መሐል አንከባለው። ከዚያ ግንዱን ወደ ቋጠሮው ውስጥ እየገፋህ መግቢያው ላይ ትንሽ ክፍተት ፍጠር። እሷ ክፍተት ከተገኘች አለቀ። ስምንት ቁጥር ከሆነ ሁለቱን ጎን እንደ እንጨት ወደ ኋላ ስበራቸው። እምቢ ካለ ጫፉ የደነዘዘ ሾጣጣ ብረት ወይም እንጨት አስገባ፤ ጠመንጃ መፍቻ (ካቻቢቴ) ክሩን ስለሚቆርጥ አይሁን።

ጀማሪዋ
የመጨረሻ ጥያቄ። ገመዱ ማርጀቱን በምን አውቃለሁ? እቤት ያለው ስንት ዓመቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አለት ላይ
ከአንዱ ጫፍ ጀምረሽ በጣቶችሽ መሐል ቀስ እያልሽ አሳልፊው፣ እስከ መጨረሻው። ዓይን ሳይሆን ጣት ነው የሚነግርሽ። ባዶ የሆነ ወይም የሳሳ ቦታ፣ ድንገት ድርቅ ያለ ቦታ፣ የቀለጠና የሚያብለጨልጭ ቦታ፣ ልባሱ ተቦጭቆ የውስጡ ነጭ ክር የሚታይበት ቦታ ካገኘሽ እዚያ ላይ ቆርጠሽ ሁለት አጭር ገመድ አድርጊው። የተገመደ ዓይነት ከሆነ ፈትሎቹን ከፈት አድርገሽ ውስጡን እዪ፤ ዱቄት ከወጣው ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ጣዪው። አሲድ፣ የባትሪ ውሃ የነካው ገመድ ደግሞ ደህና ቢመስልም አይታመንም።

ስትቆርጪ መጀመሪያ የሚቆረጠውን ቦታ በፕላስተር ጠቅልዪው፣ በመሐሉ ቁረጪ። ናይለን ወይም ፖሊስተር ከሆነ ጫፉን በእሳት አቅልጠሽ ዝጊው፣ ነፋስ ባለበት ቦታ። የቀለጠውን በጣትሽ አትንኪው፤ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ቃጫ ከሆነ እሳት አይሠራለትም፣ በወፍራም ክር አጥብቀሽ ጠምጥሚበት። ከቆሸሸ በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቢው፣ ጥላ ሥር አድርቂው።

ጀማሪዋ
አሁን አሳለፍኩት። መሐሉ ላይ አንድ ክንድ ያህል ድርቅ ያለ ቦታ አለ፣ ያብለጨልጫልም። ፕላስተር ልፈልግ።